ከልጅ ልጆች ጋር በአርቪ ወደ ሸናንዶዋ፦ ጥያቄና መልስ

ትምህርት ሲዘጋ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ተነሥተው የልጅ ልጆቻቸውን በኪራይ አርቪ (መኝታና ኩሽና ባለው መኪና) ይዘው ቨርጂኒያ ወዳለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለሚወጡ አያቶች።

ጥያቄ፦ የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉን። ከኋላ ጠረጴዛው ጋ እየተጫወቱ ቢሄዱስ?

መልስ፦ አይሆንም እማማ። በቨርጂኒያ ሕግ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ በልጆች መቀመጫ ታስሮ ነው የሚጓዘው። የጠረጴዛው ወንበሮች ግን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን የዞሩ ናቸው፤ ያላቸውም የወገብ ቀበቶ ብቻ ነው። ለ7 ዓመቱ ልጅ ከፍ የሚያደርገው መቀመጫ ደግሞ የትከሻ ቀበቶ ከሌለ አይሠራም፤ ፍሬን ሲያዝ ልጁ ከወገቡ በላይ ይወነጨፋል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት «ወደ ፊት የዞረ፣ የትከሻ ቀበቶ ያለው ስንት መቀመጫ አለ?» ብለው አከራዩን ይጠይቁ፣ ፎቶም ያስልኩ። «ስድስት ሰው ያስተኛል» ማለት ስድስት ሰው በደህና ያስቀምጣል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ምጣዴንና ረከቦቴን ልያዝ?

መልስ፦ ምጣዱ ይቅር። የአርቪው የ30 አምፒር የመብራት መስመር በ120 ቮልት የሚችለው 3,600 ዋት ነው። ምጣዱ ወደ 1,500፣ ኤሲው ያንኑ ያህል ይወስዳሉ፤ ማይክሮዌቭ ሲጨመር ብሬከሩ ይወርዳል። የሸናንዶዋ ካምፖች ደግሞ ጭራሽ የመብራት መስመር የላቸውም። እንጀራውን ቤት ጋግረው ይውጡ። ጀበናው በጋዝ ምድጃው ላይ ይፈላል፣ ሲፈላ መስኮትና የጣራውን ማራገቢያ ይክፈቱ። አደራ የምለው ግን ከሰሉን ነው፦ ለቡናም ለዕጣንም ቢሆን መኪናው ውስጥ አይያያዝ። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፤ ለከሰል መስኮት መክፈት አይበቃም፣ የተኛ ልጅም አይነቃም። መኪናውን ሲረከቡ የዚህን ጋዝ ማንቂያ መሞከሪያ ተጭነው ድምፁን ይስሙ።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤቱ በሁለተኛው ቀን ይሸታል ይባላል። ለምን?

መልስ፦ የሽንት ቤቱ ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ታንከር መልቀቂያው ክፍት ሲተው ፈሳሹ ይሄድና ጠጣሩ ከሥር ተከምሮ ይደርቃል። ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ ይዝጉት። ሲደፉ ጓንት አድርገው መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ታንከር፣ ቀጥሎ የዕቃና የገላ እጣቢውን ይልቀቁ፤ እጣቢው ቱቦውን ያጥበዋል። ከዚያ 8 ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃ ጨምረው ይዝጉ። ለልጆቹ እርጥብ መጥረጊያ ክዳን ያለው ባልዲ አጠገቡ ያስቀምጡ፤ ታንከሩ ውስጥ አይሟሟም።

ጥያቄ፦ በመንገዱ ላይ የሚያሰጋ ነገር አለ?

መልስ፦ ቁመቱ። ከቶርንተን ጋፕ የፓርኩ መግቢያ ወደ ደቡብ ሲሄዱ የሜሪስ ሮክ ዋሻ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የጣራው ኤሲ ተቆጥሮ የመኪናውን ቁመት ወረቀት ላይ ጽፈው ከመሪው ፊት ይለጥፉ። የሚያጠራጥር ከሆነ በሌላው መግቢያ፣ በስዊፍት ራን ጋፕ፣ ገብተው ወደ ቢግ ሜዶውስ ካምፕ ይውጡ፤ ዋሻው አያገኝዎትም። በፓርኩ መንገድ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው፣ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬኑን ረግጠው ከቆዩ ይግላል።

ጥያቄ፦ ወላጆቻቸው ከሌሉ ምን ወረቀት?

መልስ፦ ልጁን እንድታሳክሙ የሚፈቅድ፣ ወላጅ የፈረመበት ደብዳቤ፣ የኢንሹራንስ ካርድ ኮፒ፣ የአለርጂና የመድኃኒት ዝርዝር። 62 ዓመት የሞላችሁ ዜጎችና የግሪን ካርድ ባለቤቶች የአረጋውያን የፓርክ ካርድ አውጡ፤ በብዙ ካምፖች ክፍያውን በግማሽ ይቀንሳል።