«በቀኑ መጨረሻ» ሲባል የቱ ቀን ነው?

ጥያቄ፦ በሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ እንግዳ «በቀኑ መጨረሻ ውሳኔው የወላጅ ነው» እያለ ሲደጋግም ሰማሁ። አብራኝ የነበረችው እናቴ «የቱን ቀን ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። እንዲህ ይባላል ወይ?

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። በአማርኛ «በቀኑ መጨረሻ» ስንል ፀሐይ ስትጠልቅ ወይም ሱቁ ሒሳብ ሲዘጋ ማለታችን ነው። እንግዳው ግን ቃሉ አማርኛ ይሁን እንጂ ያሰበው በእንግሊዝኛ ነው፤ «አት ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ደይ» የሚለውን ቃል በቃል ገልብጦታል። እንግሊዞቹ ይህን ሲሉ ስለ ቀንና ማታ ማውራታቸው አይደለም፤ ሁሉም ከተባለና ከተመዘነ በኋላ ዋናው ነገር ይህ ነው ለማለት ነው። እነሱንም ቢሆን አሰልችቷቸዋል። ግልጽ እንግሊዝኛ እንዲጻፍ የሚሟገተው የብሪታንያው ፕሌን ኢንግሊሽ ካምፔይን እ.ኤ.አ. በ2004 ደጋፊዎቹን የሚያናድዳችሁ አባባል የቱ ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ አንደኛ የወጣው ይኸው ነበር።

እኔን የሚቆጨኝ ግን የራሳችን እያለን መዋሳችን ነው። «ዞሮ ዞሮ» አለን። «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ይባል የለ? ሰው የትም ቢዞር መመለሻው ቤቱ ነው፤ ክርክሩም የፈለገውን ያህል ቢዞር ማረፊያ አለው። እንግዳው «ዞሮ ዞሮ ውሳኔው የወላጅ ነው» ቢል ኖሮ እናትዎ ወዲያው ይገባቸው ነበር።

«የማታ ማታ»ስ? ማታ የሚል ስላለበት ለእንግሊዝኛው የቀረበ ይመስላል፣ ደግሞም ውብ አነጋገር ነው፤ ግን ቦታው ሌላ ነው። «የማታ ማታ እውነት ይረታ» ስንል ጊዜ አልፎ፣ ተጠብቆ፣ በመጨረሻ የሚሆነውን ነው የምንናገረው። «ብዙ ተንከራተተ፤ የማታ ማታ ግን ሥራ አገኘ» ያስኬዳል። «የማታ ማታ ውሳኔው የወላጅ ሆነ» ካሉ ግን ውሳኔው መጀመሪያ የሌላ ሰው ነበር ያሰኛል። እንግዳው ያለው ይህን አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም መጨመር አያስፈልግም። «ውሳኔው እኮ የወላጅ ነው» ቢል «እኮ» ብቻዋን ትበቃው ነበር።