መልስ፦ ለድረ-ገጼ ሜኑ ሊንኮች በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) የሰጠሁት ስፋት ለምን አይሠራም?

ሊንክ ከመነሻው ዲስፕሌዩ (ገጹ ላይ የሚቀመጥበት መንገድ) ኢንላይን ስለሆነ ነው። ኢንላይን ነገር ልክ እንደ ቃል ከመስመሩ ጋር ይፈስሳል። ዊድዝ (ስፋት) 120 ፒክስል ብትለውም፣ ሃይት (ቁመት) ብትሰጠውም አይሰማህም። ከላይና ከታች የምትሰጠው ማርጂንም (የውጭ ክፍተት) ቦታ አያስለቅቅለትም።

በሲኤስኤስህ ውስጥ ለሊንኮቹ ዲስፕሌይ ኢንላይን-ብሎክ ስጣቸው። ጎን ለጎን እንደሆኑ ይቆያሉ፣ የሰጠሃቸውንም ስፋት ይይዛሉ። ብሎክ ብቻ ካልካቸው ግን እያንዳንዱ የራሱን መስመር ይዞ ወደ ታች ይደረደራል። አንተ የፈለግከው ይህን አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በል። ኤችቲኤምኤሉ (የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ኮድ) ላይ በሊንኮቹ መሃል ያለው ስፔስ ወይም አዲስ መስመር ገጹ ላይ እንደ ክፍተት ይታያል። የሦስት ሊንኮችን ስፋት 33.33 በመቶ አድርገህ ሦስተኛው ወደ ታች ከወረደብህ ምክንያቱ ይኸው ነው። ብዙ ሰው በኔጌቲቭ (ከዜሮ በታች በሆነ) ማርጂን ሊያስተካክለው ይሞክራል። እኔ አልመክርህም፤ ፎንት ስትቀይር እንደገና ይበላሻል።

ከዚያ ይልቅ ሊንኮቹን የያዘውን ናቭ (የሜኑውን መያዣ) ዲስፕሌይ ፍሌክስ (በውስጡ ያሉትን ጎን ለጎን የሚደረድር) አድርገው፣ ክፍተቱን በጋፕ ስጥ። ያኔ ኢንላይን-ብሎኩንም አውጣው፣ አያስፈልግህም። ፍሌክስ የሚነካው ግን ቀጥታ ልጆቹን (ወዲያው በውስጡ ያሉትን) ብቻ ነው። ሊንኮቹ በሊስት ውስጥ ካሉ ፍሌክሱን ለሊስቱ ስጥ፣ ሊንኮቹን ደግሞ ብሎክ አድርጋቸው።