ዶክተር አልባን እውነት ዶክተር ነው?

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ልጄ ጥርስ ሕክምና ይማራል። አራተኛ ዓመት ደርሷል። ቅዳሜና እሁድ ማታ ግን ክበብ እየሄደ ይዘፍናል። «ተው» ስለው «ዶክተር አልባንም እኮ የጥርስ ሐኪም ነው» ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ «የምን ሐኪም! እንደ ጥላሁን የክብር ዶክተር ይሆናል» አለኝ። ማንኛቸው ናቸው ልክ? ልጁንስ ልከልክለው ወይስ ልተወው?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ረትቷል። ዘፋኙ ዶክተር አልባን፣ በስሙ አልባን ንዋፓ፣ የተማረ የጥርስ ሐኪም ነው። የተወለደው በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ ኦጉታ ነው። በ23 ዓመቱ ስዊድን ገብቶ ስቶክሆልም ጥርስ ሕክምና መማር ጀመረ። ለትምህርቱ ገንዘብ ሲቸግረው አልፋቤት ስትሪት በሚባል ጭፈራ ቤት ዲጄ ሆነ። ሸክላ ማጫወት ብቻ አልበቃውም፤ ማይኩን ይዞ በሌላው ሰው ዘፈን ላይ የራሱን ያዜም ነበር። ስሙም በከተማው ገነነ።

ልጅዎ ያልነገረዎት ግን አለ። ሰውየው ትምህርቱን ጨርሷል። ጨርሶም የራሱን የጥርስ ክሊኒክ ከፍቷል፤ ዲጄነቱንም በጎን አልተወም። ዴኒዝ ፖፕ ከሚባለው የስዊድን ፕሮዲውሰር ጋር የተገናኘው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ዕድሜው ሠላሳን አልፏል። «ሄሎ አፍሪካ» የሚለው ዘፈኑ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። «ዶክተር» የምትለውን የመድረክ ስም ያወጣለት ሙያው ነው።

እኔ በዚያ ዘመን ሙዚቃ ቤት ካሴት እቀዳ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ኢትስ ማይ ላይፍ»ን ያላስቀዳኝ ጎረምሳ ትዝ አይለኝም። ድሬዱን አይቶ «ይሄ ነው እንዴ ዶክተሩ?» የሚለውም ብዙ ነበር። ዘፈኑ ስዊድን፣ ጀርመንና ሆላንድ አንደኛ ወጣ። እንግሊዝ አገር ደግሞ የወር አበባ መጠበቂያ ማስታወቂያ ላይ ገብቶ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። (ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ለጎረምሶቹ አልነግራቸውም ነበር!) በ2014 እ.ኤ.አ.፣ በ56 ዓመቱ፣ ዩሮቪዥን ለሚባለው የአውሮፓ የዘፈን ውድድር የስዊድንን ተወካይ በሚመርጠው መድረክ ላይ ቀርቦ ዘፍኗል።

ወንድምዎ «አንድ ሰው ነው፣ አጋጣሚ ነው» ካሉ፣ ሌላውን ዘፋኝ፣ ዶክተር ሲድን ይጥቀሱላቸው። እሱም ናይጄሪያዊ ነው፤ ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ጥርስ ሕክምና ተምሯል። አባቱ ጀስተስ ኤሲሪ የታወቁ ተዋናይ ነበሩ።

ስለዚህ አይከልክሉት። ቢከለክሉትም ተደብቆ መሄዱ አይቀርም። ይልቅ ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ የሚከፈለው ብር የት ይገባል? አልባን የሠራው ለትምህርቱ ነው፤ የእርስዎ ልጅ ቢያንስ መጽሐፉንና የታክሲውን ይቻል። ሁለተኛ፣ እሁድ ማታ ስንት ሰዓት ይገባል? ጥርስ ሕክምና እንቅልፍ ያጣ እጅ አይወድም። ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ ተጋድሞ አፉን የሚከፍትለት በሽተኛ ሌሊቱን ሲዘፍን እንዳደረ አያውቅም። እሁድን ይተው፣ ቅዳሜን ይዝፈን። የፈተና ሰሞን ሲሆን ቅዳሜንም ይቀንስ።