ትንሿ ጣትህ ከደነዘዘች የእጅ አንጓህን አትውቀስ

«በቀን አሥር ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ነኝ፤ ዓይኔ ይቃጠላል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ምን ላድርግ?» ያልከው ወንድሜ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ የገባሁበት ጣጣ ውስጥ ነው የገባኸው።

1. ዓይን። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ እይ። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው በጣም ይቀንሳል፤ ስለሚደርቅ ነው የሚያቃጥለው። ይሄ ቀላሉ ነው።

2. ጣት። የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ አልጻፍክም። እኔንም የጠየቀኝ አልነበረም። የኔዎቹ ትንሿና የቀለበት ጣቴ ነበሩ። ጠዋት ስነሳ የሰው ጣት ይመስሉኛል። የግቢው ክሊኒክ ሄድኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ፈተና ሲደርስ ሁላችሁም ትታመማላችሁ» አለና ማስታገሻ ጽፎ ሸኘኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በንዴት ራሴን ማከም ጀመርኩ። ኢንተርኔት ላይ አነበብኩና «የእጅ አንጓ ነው» ብዬ ፈረድኩ። ማሰሪያ ገዝቼ ሁለት ወር ሙሉ አሰርኩት። አንጓዬን አስሬ፣ ክርኔን ግን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተክዬ፣ አገጬን በመዳፌ ደግፌ አነባለሁ! የውሃ ጠርሙስ ክዳን መክፈት ሲያቅተኝ ነው የደነገጥኩት።

በመጨረሻ ያየችኝ ፊዚዮቴራፒስት አንጓዬን ትታ ክርኔን በውስጥ በኩል መታ መታ አደረገችው። እስከ ትንሿ ጣቴ ነዘረኝ። ወደ ሁለቱ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ እዚያ ጋ ከቆዳው ሥር ነው የሚያልፈው፤ ክርን ሲደገፉበት ወይም አጥፈውት ሲቆዩ ይጨመቃል። አንጓ የሚጠረጠረው አውራ፣ ጠቋሚና የመሃል ጣት ሲደነዝዙ ነው። ሁለት ወር ያሰርኩት ያልታመመውን ቦታ ነበር ማለት ነው።

ማታ ክርኔ እንዳይታጠፍ ፎጣ ጠቅልዬበት መተኛት ጀመርኩ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ስቆ ሊሞት! ቀን ደግሞ ጠርዙን መደገፍ ተውኩ። ቀስ እያለ፣ በወራት፣ ለቀቀኝ። ጽሑፌንም በቀኑ አስረክቤያለሁ፤ ዛሬ የጓደኞቼን ወንበር እየዞርኩ የማስተካክለው እኔ ነኝ።

3. አንገትም ብለህ ነበር? ላፕቶፑን መጻሕፍት ላይ ከፍ አድርገህ የስክሪኑን አናት ከዓይንህ ጋር አስተካክል፣ ኪቦርድ ለብቻው ሰካበት።

የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ ጻፍልኝ። ዕቃ ከእጅህ መውደቅ ከጀመረ ግን እኔን አትጠብቅ፣ ነገውኑ ሐኪም ጋ ሂድ። ክርኔንም እይልኝ በለው።