አንዱ ልጅ ለምን ተሻለው?

ልጆቼ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር የማይሄድ አንድ ውጤት ሲመጣባችሁ ቶሎ የመሰረዝ ነገር አለባችሁ። እባካችሁ አትቸኩሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ኢንዛይም (በሰውነታችን ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን ስለሚያፋጥን ፕሮቲን) ያስተማርኩ ሰው ነኝና የአንዱን ታሪክ ላጫውታችሁ።

ግሉኮሴሬብሮሲዴዝ ይባላል። ሥራው ላይሶሶም በሚባለው የሴሎቻችን የቆሻሻ ማስወገጃ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ቅባት መሰባበር ነው። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን የወረሰ ሰው ይህ ኢንዛይም ያጥረዋል። ቅባቱ ማክሮፋጅ በሚባሉት፣ ያረጁ ሴሎችንና ጀርሞችን በሚውጡ የመከላከያ ሴሎች ውስጥ ይጠራቀማል። ጣፊያና ጉበት ያብጣሉ፣ ደም ያንሳል፣ አጥንት ይታመማል። የጎሼ በሽታ ነው።

አሜሪካዊው ሮስኮ ብሬዲና ባልደረቦቹ ጉድለቱን የደረሱበት በ1960ዎቹ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የጎደለውን መስጠት ነዋ! ኢንዛይሙን ከእንግዴ ልጅ አጣርተው በደም ሥር ሰጡ። አብዛኛው ግን ያላሰቡት የጉበት ሴል ውስጥ ገባ። ማክሮፋጅ የሚቀበለው ማኖዝ የተባለው ስኳር ጫፉ ላይ የሚታይ ፕሮቲን ነው። የኢንዛይሙ ማኖዝ ደግሞ በሌሎች ስኳሮች ተሸፍኗል። ሽፋኑን መላጥ ብቻ ዓመታት ወሰደ።

ከዚያም በኋላ በአንድ ሙከራ ለውጥ ያሳየው አንድ ሕፃን ብቻ ነበር። እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ያደረጉት ነው። «አጋጣሚ ነው» ብለው አላለፉትም። ልጁ ከታካሚዎቹ ሁሉ ትንሹ ነበር። የተሰጣቸው መጠን እኩል ስለነበር፣ በክብደት ሲሰላ ለሱ የደረሰው ከሁሉም ይበልጣል። መድኃኒቱ ይሠራል፤ ያነሰው መጠኑ ነው!

በ1991 ጸደቀ። ለአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ግን በሺዎች የሚቆጠር እንግዴ ልጅ ያስፈልግ ነበር። በ1994 የሰውን ጂን ሃምስተር ከምትባል አይጥ መሰል እንስሳ በተወሰዱ ሴሎች ውስጥ አስገብተው የሚያመርቱት መጣ። በ2012 ደግሞ እስራኤል ውስጥ በካሮት ሴል የተመረተው ጸደቀ። አዎ፣ በካሮት!

ሐኪም የምትሆኑት ደግሞ ስሙኝ። አገራችን ውስጥ ጣፊያው ያበጠ ልጅ ሲመጣ ወባና ካላዛርን ማሰብ ትክክል ነው። ሁለቱም ካልሆኑ ግን ካርዱን አትዝጉ። እህት ወንድሞቹ እንዲህ ታመው ያውቁ እንደሆነ ወላጆቹን ጠይቁ። የኢንዛይሙ ማነስ በደም ምርመራ ይታወቃል።

መድኃኒቱ እጅግ ውድ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ፣ ዕድሜ ልክ ይሰጣል። ከደም ወደ አንጎል ደግሞ አያልፍም። ስለዚህ በሽታው አንጎላቸውን የሚጎዳ ሕፃናት ለዚያ ጉዳት አይረዳቸውም። የምርምር ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እኔ ብሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው።