«ሰው የማያናግር ሥራ አለ ወይ?» ላልሽኝ እህቴ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎችም እንዲከታተሉን ፍሬ ነገሩን ባጭሩ ላንሳው። የሐይቅ ልጅ ነሽ። አካውንቲንግ ተምረሽ በጥሩ ውጤት ተመርቀሻል፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። ደሴ ላይ አንድ ባንክ የጽሑፍ ፈተና ሰጥቶሽ አለፍሽ፤ ለቃለ መጠይቅ ስትጠሪ ግን ተራሽ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀርሽ ተነሥተሽ ወጣሽ። ለቤተሰብ «ተራዝሟል» አልሻቸው። ዩኒቨርሲቲ እያለሽም የቡድን ሥራውን የምትጽፊው አንቺ፣ የሚያቀርበው ሌላ ሰው ነበር። ጎረቤት ቡና ሲጠራራ እንኳ ማፍላቱን ትመርጫለሽ፤ ከጀበናና ከሲኒ ጋር የተጠመደን ሰው ማንም ብዙ አያናግረውምና። መጨረሻ ላይ የጠየቅሽኝ «ከሰው ጋር የማያገናኝ ሥራ ካለ ይጠቁሙኝ» ብለሽ ነው።

አብሽሪ። ያለሽበት ነገር የታወቀ ነው፤ መውጫውም የታወቀ ነው።

ጸጥ ያለ ሥራ አይጠፋም። ነገር ግን አሁን አልጠቁምሽም። ሂሳብ ሠራተኛ ሆነሽ ጥግ ላይ ብትቀመጪም ደረሰኝ ሳያመጣ ገንዘብ የወሰደውን ሠራተኛ መጠየቅሽ አይቀርም። ኦዲተር ሲመጣ ሰነዱን ይዘሽ ማስረዳት ያንቺ ድርሻ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ይቺ ቁጥር ምንድን ናት?» ብሎ ስብሰባ መሀል ሲጠራሽ ጥጉ አያድንሽም። ጸጥታ ስለምትወጂ ጸጥ ያለ ሥራ ብትመርጪ ምርጫሽን አከብራለሁ። ስለፈራሽ ከመረጥሽው ግን የመረጠልሽ ፍርሃቱ ነው፤ ዛሬ ቃለ መጠይቁን ያስተወሽ፣ ነገ ዕድገቱን ያስተውሻል።

አንድ ነገር ልለይልሽ። እኛ አገር ታላቅ ፊት ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ልጅ ጨዋ ተብላ ትመሰገናለች። እኔም አልቃወምም፤ ጨዋነትሽን ጣይው አላልኩሽም። ጨዋ ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል፣ የሚገባውንም ይጠይቃል። አንቺ ግን መናገር እየፈለግሽ፣ መልሱም አፍሽ ላይ እያለ፣ ልብሽ ሲመታና ጉሮሮሽ ሲደርቅ ነው የምትቀሪው። ይሄ የአስተዳደግ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ይታዘቡኛል፣ ይንቁኛል የሚል ሥር የሰደደ ፍርሃት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ ነው፤ ዝም ካሉት ለዓመታት አብሮ ይኖራል።

እንዴት እንደሚቆይ ከራስሽ ታሪክ ላሳይሽ። ያን ቀን ከባንኩ ወጥተሽ አስፋልቱ ላይ ስትደርሺ «እፎይ» አላልሽም? ትንፋሽሽ ተመለሰ፣ እጅሽ መንቀጥቀጡን ተወ። ፍርሃቱን ያጠነከረው ያ እፎይታ ነው። አእምሮሽ «ከአደጋ ያመለጥኩት ስለወጣሁ ነው» ብሎ መዘገበው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ገና መጠበቂያ ወንበሩ ላይ ሳትቀመጪ እንድትወጪ ይወተውትሻል። ብትቆዪ ኖሮ የሚሆነውን አላየሽም። ሰውነታችን ሲደነግጥ አድሬናሊን የሚባለውን ቅመም ይረጫል፤ ልብ የሚመታው፣ ላብ የሚወርደው፣ አፍ የሚደርቀው በሱ ምክንያት ነው። አደጋ አለመኖሩን እያየ ሲቆይ ግን ራሱ ይበርዳል። ፍርሃትሽ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይተሻል፤ ሲወርድ የማየት ዕድል ግን አልሰጠሽውም፤ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ሲደርስ ትሄጃለሽና።

«ታዲያ ዘልዬ ልግባበት?» እንዳትዪ። ብዙ ዘመዶች የሚመክሩት ይሄንን ነው፤ «ዝም ብለሽ ግቢ፣ ምን ያስፈራል!» እኔ አልስማማም። በ1924 እ.ኤ.አ. ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን ረድታ ነበር። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሏን መጀመሪያ ከሩቅ አሳየችው። ከዚያ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያቀረበች ሄደች። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሏን በእጁ እስከመዳሰስ ደረሰ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ባለሙያዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ፍርሃት የሚሰጡት ሕክምና መሠረቱ ይኸው ነው፤ ቀስ በቀስ መቅረብ፣ መደጋገም፣ መሀል ላይ አለመሸሽ።

አሁን ወረቀት አውጪ። ከሰው ጋር ስትሆኚ የምትፈሪያቸውን ነገሮች ሁሉ ጻፊ፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ስጪ። ባንኩ ያደረገው ዓይነት ቃለ መጠይቅ ምናልባት 95 ይሆናል። እሱን ለጊዜው ተዪው። 30 አካባቢ ያለውን ፈልጊ።

ከሐይቅ ደሴ ስትመጪ ታክሲ ውስጥ ምን እንደምታደርጊ ልገምት? መውረጃሽ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት ያቅትሽና ሌላ ሰው እስኪልልሽ ትጠብቂያለሽ፤ የሚል ከጠፋም አልፈሽ ወርደሽ በእግርሽ ትመለሻለሽ። እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ወጣቶች አጋጥመውኛል፤ ሁሉም እኔ ብቻ ነኝ ብለው ያስባሉ። መጀመሪያ እዚህ ላይ ሥሪ። ከረዳቱ አጠገብ ተቀምጠሽ በቀስታ «ወራጅ አለ» በዪ። እሱ ሲለመድሽ መሀል ወንበር ላይ ሁኚ። ከዚያ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጪና ሾፌሩ እንዲሰማሽ ጮክ በዪ። ድምፅሽ ሊሰበር ይችላል፤ አንድ ሰው ዞር ብሎ ሊያይሽ ይችላል። ይሁን። አንድ ጊዜ አድርገሽው «ተወጣሁት» ብለሽ አትተዪው፤ ነጥቡ ወደ ግማሹ እስኪወርድ ድረስ ደጋግሚው። 30 የነበረው 15 ሲሆን ወደሚቀጥለው ትሻገሪያለሽ።

የሚቀጥለው ምን እንደሚሆን ነጥብሽ ይነግርሻል። ፒያሳ ጨርቅ ቤት ገብተሽ ዋጋ ጠይቀሽ፣ ተከራክረሽ፣ ሳትገዢ «አመሰግናለሁ» ብለሽ መውጣት ሊሆን ይችላል። ቀበሌ መስኮት ላይ አንድ ነገር ጠይቀሽ፣ ካልገባሽ ደግመሽ መጠየቅ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ከፍ ሲል ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች ወደ አንዱ ደውለሽ «የሂሳብ ሠራተኛ ክፍት ቦታ አላችሁ?» በዪ። «የለም» ቢሉሽ ልምምዱ ተሳክቷል፤ የደወልሽው ለመደወል ነውና። «አለ» ካሉሽ ደግሞ እሰየው።

ቡናውን አልረሳሁትም። የማፍላቱን ተራ ለእህትሽ ወይ ለጎረቤትሽ ስጪና ከሰዎቹ ጋር ቁጭ በዪ። አቦሉ ሲጠጣ ማዳመጥ ይበቃሻል። ቶናው ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፣ የልጅ ጤና ይሁን የገበያ ዋጋ። በረካው ላይ ያየሽውን ወይ የሰማሽውን አንድ ነገር ተናገሪ። ሊወራ የሚገባው ትልቅ ነገር መሆን የለበትም፤ ሴቶቹ ራሳቸው የሚያወሩት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ይሄን ስልሽ ጀበናው ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ሰው ሲፈራ ሳያውቀው መደበቂያ ይሠራል፤ መደበቂያው ይዞት እስካለ ድረስ ፍርሃቱ አይወርድም። ያንቺ አንዱ ጀበናው ነው። ሌሎቹንም ታውቂያቸዋለሽ፤ ስልክ ላይ ማቀርቀር፣ አፍን በነጠላ ጫፍ መሸፈን፣ ያለ እህት የትም አለመሄድ፣ ለቃለ መጠይቅ መልሱን ቃል በቃል መሸምደድ። ሽምደዳው በተለይ ይጎዳል፤ አንዲት ቃል ስትጠፋሽ ሁሉም ይጠፋሻል። ነጥቦቹን ያዢ እንጂ ዓረፍተ ነገሩን አትያዢ።

አንቺን ባይመለከትም ለሌሎች አንባቢዎቼ ስለ ጫት ልናገር። ምርቃናው ደፋር ያደርገኛል ብሎ ቅሞ ቃለ መጠይቅ የሚገባ ወጣት አውቃለሁ። ልብን የሚያስመታው፣ እጅን የሚያንቀጠቅጠው፣ አፍን የሚያደርቀው እሱ ራሱ ነው፤ ሲለቅ ደግሞ ድብርቱ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ግን አእምሮ «የተናገርኩት ጫቱ ስላለ ነው» ብሎ ይማራል፤ ያለሱ መናገርን አይማርም።

ሰው ሁሉ ያየኛል የሚለው ስጋትሽ ላይ አንድ ጥናት ልንገርሽ። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፤ ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሠሩት። ተማሪ የሚያፍርበትን ቲሸርት አልብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወዳሉበት ክፍል አስገቡት፤ ከዚያ ስንቱ ቲሸርቱን እንዳየበት ጠየቁት። ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ አይቶናል አሉ። በእውነት ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ነበር። አንቺም እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ክፍሉ ሁሉ እጅሽን የሚያይ ይመስልሻል፤ ጠያቂው ግን የሚያየው ፊቱ ያለውን የነጥብ መስጫ ወረቀት ነው፤ ከአንቺ በፊት የገቡትን ያወዳድራል፣ ምሳ ሰዓቱንም ያስባል። ስለዚህ ትኩረትሽን ከራስሽ ላይ አንሥተሽ ወደ ጥያቄው ውሰጂው። ምን ተጠየቅሁ? ሰውየው ማወቅ የፈለገው ምንድን ነው? ይሄን ስታስቢ ልብሽን ለመቁጠር ቦታ አይተርፍሽም።

ለልምምድ ሦስት ሰው ጠረጴዛ ማዶ አስቀምጪ፤ አንዱ የማትቀርቢው ሰው ይሁን። የተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ የሙያ ማበልጸጊያ ማዕከል ካለው እዚያ ጠይቂ። በር አንኳኩተሽ ከመግባት ጀምሪ፤ «ራስሽን አስተዋውቂ» ሲሉሽ ስምሽን፣ ትምህርትሽን፣ የሠራሽውን አንድ ነገር ተናገሪ። ከመጀመርሽ በፊት «ዛሬ ምን ይደርስብኛል ብዬ ፈራሁ?» ብለሽ ጻፊ፤ ከጨረስሽ በኋላ ከሥሩ የደረሰውን ጻፊ። ከዚያ በኋላ ብዙም ለማትጓጊለት ቦታ አመልክተሽ እውነተኛ ቃለ መጠይቅ ግቢ፣ ለቦታው ሳይሆን ለልምዱ። በዕለቱ ጠዋት ቡናውን ቀንሺ፤ የልብ ምት ይጨምራል። አፍሽ ከደረቀ ውኃ ጠይቂ። ሐሳብ ከጠፋብሽ «ትንሽ ተደናግጫለሁ፣ ጥያቄውን ይድገሙልኝ» በዪ፤ ይሄን በማለቷ ብቻ ነጥብ የተቀነሰባት ልጅ እስካሁን አላየሁም።

አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ፍርሃትሽ የጀመረው ወይም የባሰው በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን ከገባ ወዲህ ከሆነ፣ ቅዠት ካለብሽ፣ ድምፅ ስትሰሚ የምትበረግጊ ከሆነ፣ ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በወረቀትና በታክሲ ብቻ አይያዝም። እንዲሁም ከቤት መውጣት እያቃተሽ ከሄደ ወይም ሕይወት የሚያስጠላሽ ከሆነ ሳትዘገዪ ሐኪም ፊት ቅረቢ። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (በተለምዶ ደሴ ሪፈራል የሚባለው) የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በንግግር የሚሰጥ ሕክምናም ሆነ መድኃኒት ለዚህ ችግር ይሠራል፤ ጸበሉንም ዱዓውንም ሳትተዪ ጎን ለጎን መሄድ ትችያለሽ።

«ተራዝሟል» ስላልሽው ነገር። አባትሽ «መቼ ነው?» ባሉ ቁጥር እየተሳቀቅሽ መኖር ልምምዱን ያከብድብሻል። ሁሉንም በአንድ ቀን ለሁሉም መናገር የለብሽም፤ መጀመሪያ ለታላቅ እህትሽ ንገሪያት፤ ከዚያ ከሷ ጋር ሆናችሁ ለእናትሽ። እነሱ ለአባትሽ መግቢያውን ያውቁታል። ባንኩንም አትተዪው። ያመለጠሽ ቃለ መጠይቅ ባይመለስም ዝርዝራቸው ላይ በጽሑፍ ፈተና ያለፈች ልጅ ነሽ፤ ወረቀትሽ ላይ «ስልክ መደወል» የሚለው ነጥብ ሲወርድ ለሰው ኃይል ክፍሉ ደውለሽ ቀጣዩ ማስታወቂያ መቼ እንደሚወጣ ጠይቂያቸው።