ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው እዪው

ከደሴ የጻፍሽልኝ እናት፣ አብሽሪ። የ15 ዓመት ልጅሽ ቲክቶክ ላይ ካልታወቅሁ ብላ ይዛሻለች። ለደብተር የሰጠሻትን ብር አጠራቅማ ሂውማን ሄር ገዛችበት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትምህርት ቤት ነኝ ብላ ከጓደኞቿ ጋር ጦሳ ተራራ ላይ አዲስ የመጣ ዳንስ ስትቀርጽ ዋለች። ቪዲዮውን ያሳየችሽ ጎረቤት ናት። ተናደሽ ስልኳን ቀማሻት፣ ይኸው አምስት ቀን ተኮራርፋችኋል። "ምን ጎደለባት?" ነው ጥያቄሽ።

ደብዳቤሽ ላይ አንድ ቦታ ስደርስ ቆም አልኩ። ከዚያ በፊት የለቀቀችው ሌላ ቪዲዮ ነበር፣ አንቺ ቡና እያፈላሽ እሷ ስልኳን ታያለች፣ ታስቀምጣለች፣ መልሳ ታነሳለች። አቦሉ ሲቀዳ 40 ላይክ። ቶናው ላይ 43። በረካው ደርሶም ያው 43። ቪዲዮውን አጠፋችውና እራቷን ሳትበላ ተኛች።

ይሄ ቅብጠት አይደለም እህቴ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየኝ ይላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ኤልካይንድ እ.ኤ.አ. በ1967 "ምናባዊ ተመልካች" ብሎ ጽፎበታል። እኛም እኮ በአረፋው በጥምቀቱ አዲስ ልብስ ለብሰን በፒያሳ ስናልፍ ከተማው ሁሉ የሚያየን ይመስለን ነበር። የሚቆጥርልን ግን አልነበረም። እሷን ስልኩ ይቆጥርባታል፣ ቁጥሩንም ጓደኞቿ ያዩታል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ አንድ ጥናት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆኑ 32 ልጆች የአንጎልን ምስል በሚያነሳው ኤምአርአይ ውስጥ ሆነው ፎቶ እንዲያዩ ተደርጎ ነበር። የራሳቸው ፎቶ ብዙ ላይክ ሲያገኝ፣ ሽልማት ስናገኝ የሚነቃው የአንጎል ክፍል ይነቃባቸዋል። የሌላ ሰው ፎቶም ብዙ ላይክ ካለው እነሱም ላይክ ያደርጉታል፣ ሲጋራና መጠጥ የሚያሳይ ቢሆን እንኳ። ልጅሽ ትሬንድ ስትል ብቻዋን ያበደች አይምሰልሽ።

ስልኩን መልሺላት። ከትምህርት ቤት መቅረቷንና መዋሸቷን ግን እንዳታልፊው። ቅጣት ካለ ለእሱ ይሁን፣ ለዳንሱ አይሁን። ሁለቱን ከቀላቀልሽባት እናቴ የጠላችው እኔን ነው ትላለች፣ ከዚያ በጓደኛዋ ስልክ ተደብቃ ትቀርጻለች፣ ያኔ አንቺ የምታውቂው ነገር አይኖርም።

ይሄን ደግሞ አጥብቀሽ ያዢው። ስትመዘገብ ዕድሜዋን ስንት ብላ እንደሞላች ጠይቂያት። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የውስጥ መልእክት አይፈቅድም፣ የራስን ላይቭ ለመክፈት ደግሞ 18 መሙላት ያስፈልጋል። ኢንቦክስ የሚጽፉላት ካሉ ወይ ራሷ ላይቭ ከከፈተች ዕድሜዋን ጨምራለች ማለት ነው፤ የማታውቀው ትልቅ ሰው ስጦታ ልላክልሽ እያለ ሊያወራት ይችላል። ስትጠይቂያት አትጩሂ፣ ከጮህሽ አትነግርሽም። ምግብና እንቅልፍ እንደራቃት ሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ባለሙያ ውሰጃት። ራሷን ስለመጉዳት ካነሳች ግን በዚያው ቀን።

የጦሳውን ቪዲዮ "አፍሬ እስከ መጨረሻው አላየሁትም" ብለሻል። ዛሬ ማታ አጠገቧ ቁጭ በይና "እስቲ አሳዪኝ" በያት። ስንት ሰው አየው አትበዪ። የቱ ጋ እንደከበዳት፣ ማን እንዳስተማራት፣ ስንቴ ደጋግማ እንደቀረጸችው ጠይቂያት። የመጀመሪያው ቀን ዝም ትልሽ ይሆናል። በማግስቱም ጠይቂያት። ከዚያ ጻፊልኝ።